ሕፃናት ስለሚሥሉት ሥዕልና ታላላቆች ሊያደርጉት ስለሚገባ ነገር

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደምበጫ የሚጓዝ መንገደኛ በመንገዱ ላይ የማቻከል ወረዳ ከተማ የሆነችውን አማኑኤልን ያገኛል። ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ በመስኩ ላይ ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ቆም ብሎ የተመለከተ እንደ ሆነ፥ አንዱ ልጅ ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥቶ በሬ ሲሠራ፥ ሌላው በበትሩ ጫፍ መሬቱን እየጫረ ቤትና ዛፍ፥ ፈረስና ፈረሰኛ ሲሥል ያያል። ዝናብ የመጣ እንደ ሆነ በመሬት የተሣለው ይጠፋል፤ የጭቃው በሬም ይፈርሳል። ልጁ ግን በማግሥቱ ከትናንቱ አሻሽሎ ደግሞ ይሠራል። ይህን ሥራ ያዘዘው የለም፤ ዋጋም የሚከፍለው የለም። ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ ያንኑ ፈረሰኛ በከሰል ግድግዳ ላይ የሞከረው እንደ ሆነ ግን «ግድግዳ አበላሸህ» ተብሎ ይገረፋል።

በብዙ ሰው ዘንድ ይህ ሥራ እንደ ከንቱ ጨዋታ ይቈጠራል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት የሚጠቅስም አይታጣም። ተረቱ ስለ እራት የተናገረው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ዛሬ ማቡካት ያልሞከረ ልጅ ነገ የሚበቃ እንጀራ እንደማይጋግር ተረቱን የሚጠቅሱት ሰዎች አይናገሩም። ልጅ በመሬት ላይ የሚጭረው መስመር የአሳቡ የመጀመሪያ ጽሕፈት ነው። ፊደል ከመቍጠሩ በፊት ያየውንና የሚያውቀውን፥ የወደደውንና የፈራውን የሚገልጥበት ሌላ ጽሕፈት የለውም። እንግዲህ ይህ ነገር በምን መንገድ እንደሚያድግ፥ ታላላቆችም ምን ቢያደርጉ እንደሚለመልም፥ ምንስ ቢያደርጉ እንደሚደርቅ ማወቅ ለወላጅ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤት ለሚያስተዳድር ሹምና ልጆች ለሚያስተምር ካህን ሁሉ የተገባ ነው።

የሕፃናትን ሥዕል እንደ ቁም ነገር ቈጥረው መጽሐፍ ከጻፉት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ኮራዶ ሪቺ የተባለ የኢጣልያ ሰው ነው። ይህ ሰው በቦሎኛ ከተማ ሲሄድ ዝናብ ቢይዘው ከመንገዱ ዳር ካለው መጠለያ ገባ፤ በዚያም ግድግዳ ላይ ልጆች የሣሉትን ብዙ ሥዕል አገኘ። ሲያስተውለውም ከታች በኩል የትንንሾቹ እጅ በሚደርስበት የተሣለው፥ ከላይ ትልልቆቹ ከሣሉት የተለየ ሆኖ አየው። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ሲመረምር ቈይቶ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1887 ዓመተ ምሕረት ስለ ሕፃናት ሥዕል መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቈጣጠር 1879 ዓ.ም. ማለት ሲሆን የዚያው የኢጣልያ ጦር በዶጋሊ በራስ አሉላ ድል የተመታበት ዓመት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል፤ የሚበጅ ትምህርት ከጠላት አገር ቢመጣም መቀበል ነውር የለውም። ከዚህ በኋላ ፍራንዝ ቺዤክ የተባለ መምህር በ1897 በቪየና ከተማ ለልጆች ብቻ የሆነ የሥዕል ትምህርት ከፈተ። ጆርጅ ሉኬ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅም በ1927 ስለዚሁ ነገር ጻፈ፤ ከኦስትሪያ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ቪክቶር ሎወንፌልድም በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ የልጆችን ሥዕል በየዕድሜው ከፍሎ አስረዳ። እነዚህም ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

ዳሩ ግን ለጎጃም ካህን ይህን ነገር ለማስረዳት እስከ ቦሎኛና እስከ ቪየና መሄድ አያስፈልግም። በዋሸራና በጎንጅ፥ በዲማና በደብረ ኤልያስ ከቅኔ ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ነገሩን ከቤቱ ያገኘዋል። አዲስ የገባውን የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን 8 ቤት ያለውን መወድስ እንዲቈጥር የሚያዝዘው መምህር የለም። ተማሪው 2 ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀጥሎ ወደ ዘአምላኪየ፥ ከዚያም ወደ ሚበዝኁ እያለ እንደ መሰላል ይወጣል። ጉባኤ ቃናው መወድስ አልሆነም ብሎ የሚንቀው ማንም የለም፤ በ2 ቤቱ ሙሉ ቅኔ ነውና። የሕፃን ሥዕልም እንደዚሁ መሰላል አለው። በየደረጃውም ሙሉ ነው እንጂ የትልቅ ሰው ሥዕል ተበላሽቶ የቀረ አይደለም። የብዙ ወላጅ ስሕተት የሚጀምረው ይህን ካለማወቅ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ መሞነጫጨር ነው። አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት የሆነው ሕፃን ከሰል ወይም እርሳስ የጨበጠ እንደ ሆነ ክንዱን ወዲያና ወዲህ ያወናጭፋል። ደስ የሚያሰኘው የእጁ እንቅስቃሴ ምልክት ትቶ ማየቱ ነው፤ ሌላ አሳብ የለበትም። በዚህ ጊዜ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ማስጨነቅ ጥቅም የለውም። ሦስት ዓመት ወደ መሙላት ሲቃረብ የመስመሩን ጫፍ አዙሮ ከመነሻው ጋራ ያጋጥመዋል፤ ክብም ይሆንለታል። ይህ ለትልቅ ሰው ምንም ባይመስል ለሕፃኑ ታላቅ ነገር ነው፤ ውስጥና ውጭ ያለው ነገር በገዛ እጁ ሠርቷልና። ከዚያ ወዲያ የሞነጫጨረውን ሁሉ ስም ያወጣለታል። አንዱን «እማማ» ይለዋል፤ ጥቂት ቈይቶ ያንኑ «ውሻ» ይለዋል። ይህ ውሸት አይደለም፤ መስመር የአንድ ነገር ምልክት ሊሆን እንደሚችል መረዳቱ ነው። ፊደልም የድምፅ ምልክት ነውና፥ ይህን የተረዳ ሕፃን ወደ ፊደል ገበታ ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል።

በሦስትና በአራት ዓመት መካከል ከክቡ ውስጥ ሁለት ነጥብ ያደርግና ዓይን ይለዋል፤ ከክቡ ሥር ሁለት ረጃጅም መስመር ያወርድና እግር ይለዋል። ደረትና ሆድ የለውም፤ እጅ ቢኖረውም ከራሱ ይወጣል። አባት ይህን አይቶ «ሰው እንዲህ ነውን?» ብሎ የሳቀበት እንደ ሆነ ሕፃኑ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ያፍራል። ይህ ራስና እግር ብቻ ያለው ሰው በአማኑኤል ልጅ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ብዙ አገሮች ባሉ ሕፃናት እጅ የሚሣል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ለሕፃን ሰው ማለት የሚያይና የሚናገር ፊት፥ ወደ እርሱም የሚመጣ እግር ነው።

ከአምስት እስከ ሰባት ወይም እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ሥዕሉ ሥርዓት ያገኛል። ከወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር ይሰመራል፤ እርሱ መሬት ነው። ከላይ ሌላ ሰማያዊ መስመር ይሰመራል፤ እርሱ ሰማይ ነው። በመካከላቸው ያለው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ፀሐይ በማዕዘኑ ትወጣለች፤ ቤቱና ዛፉ ከመሬቱ መስመር ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ፈረሰኛ ሲሣል ሁለቱም እግሮቹ በአንድ ወገን ይታያሉ። ቤት ሲሣል ግድግዳው እንደ መስተዋት ሆኖ እናቲቱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እንጀራ ስትጋግር ትታያለች፤ ላሚቱም እርጉዝ የሆነች እንደ ሆነ ጥጃው በሆድዋ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ጆርጅ ሉኬ ይህን ሲያስረዳ ልጅ በዚህ ዕድሜ የሚሥለው ዓይኑ የሚያየውን ሳይሆን አእምሮው የሚያውቀውን ነው ብሏል። ፈረሰኛው ሁለት እግር እንዳለው ልጁ ያውቃል፤ የሚያውቀውን ስለምን ይደብቃል? አባቱን ከቤቱ ጣሪያ አስረዝሞ የሣለ ልጅም መለካት ተስኖት አይደለም፤ በልቡ ውስጥ አባቱ ከቤቱ ስለሚበልጥበት ነው።

በዚህ ስፍራ የቤተ ክርስቲያን ሰው ቆም ብሎ አንድ ነገር ቢያስብ ይጠቀማል። በጣና ዳር በዘጌ ባለው በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ፥ በሌሎችም ብዙ አድባራት የተሣሉትን ሥዕሎች የተመለከተ ሰው፥ የከበረው ቅዱስ ወይም ንጉሥ በዙሪያው ካሉት ገዝፎ መሣሉን ያያል። ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ኃጥአንና አጋንንት ግን በጎን ሆነው በአንድ ዓይን ይታያሉ። በዚሁ ባህል የአድዋን ጦርነት የሣሉት ሠዓልያን የኢትዮጵያን አርበኞች በሙሉ ፊት፥ ጠላትን በጎን አድርገው ሥለዋል። ይህ ሁሉ የተደረገው ዓይን ያየውን ለመምሰል ሳይሆን እውነት ነው ተብሎ የታወቀውን ለመግለጥ ነው። በእርግጥ ሠዓሊው ይህን ያደረገው ከአባቶች በተቀበለው ሥርዓት ነው፤ ሕፃኑ ግን ያልተማረውን በራሱ ያደርገዋል፤ ሁለቱን እኩል ማድረግ አይገባም። ነገር ግን በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የንጉሡን ግዝፈት አይቶ ትርጓሜውን የሚያስረዳ መምህር፥ ሕፃኑ አባቱን አግዝፎ ቢሥል ትርጓሜ ሊያጣለት አይገባውም ነበር።

ይህን ሁሉ ዕድሜ እንደ ሕግ ቈርጦ መያዝ አይገባም። አንዱ ልጅ ይቀድማል፥ ሌላው ይዘገያል። በአምስት ዓመቱ እርሳስ ያገኘ የከተማ ልጅና ሰባት ዓመት ሞልቶት ትምህርት ቤት እስኪገባ ወረቀት ያልነካ የገጠር ልጅ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ወረቀት ዘግይቶ ያገኘው ልጅ ግን፥ በተለይም በመሬትና በጭቃ እጁን ያለማመደ እንደ ሆነ፥ መሰላሉን ፈጥኖ ሲወጣ ይታያል። ስለዚህ አስተማሪ የአንደኛ ክፍል ልጅ ሲሞነጫጭር ቢያገኘው ሰነፍ ነው ብሎ አይፍረድበት።

አስጨናቂው ዘመን የሚመጣው ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ልጁ በዚህ ጊዜ ዓይኑ ይከፈታል። የሣለው በሬ በሬውን እንዳልመሰለ፥ የሩቁ ተራራ ከቅርቡ ዛፍ አንሶ መታየት እንደሚገባው ያውቃል፤ እጁ ግን ዓይኑ የጠየቀውን ለማድረግ አልደረሰም። ያን ጊዜ ወረቀቱን በእጁ ይሸፍናል፥ ይደልዛል፥ ይቀድዳል፤ በመጨረሻም «እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ ይተዋል። አብዛኛው ሰው እስከ እርጅናው ድረስ የሚሥለው በዚህ ዕድሜ የተወውን የልጅነት ሥዕል ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ እርምጃ አልሄደምና። በቅኔ ቤት ጉባኤ ቃናን ጨርሶ ዘአምላኪየ የሚከብደው ተማሪ ብዙ ነው፤ ነገር ግን መምህሩ «አልችልም አለ» ብሎ አይሰድደውም። ምሥጢሩን ያሳየዋል፥ መንገዱን ይነግረዋል፥ ደግሞ ቍጠር ብሎ ወደ ዱር ይልከዋል። በሥዕልም እንዲሁ ቀድሞ እርማት የማያስፈልገው ልጅ አሁን ትምህርት ይፈልጋል። ሩቁን ከቅርቡ እንዴት እንደሚለይ፥ ጥላ በየት በኩል እንደሚወድቅ፥ በሬ ቆሞ ሳለ የኋላ እግሩ ወዴት እንደሚታጠፍ ሕያዉን በሬ እያሳየ የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል። የአማኑኤል ልጅ በሬ ለማየት ሩቅ አይሄድም።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ታላላቆች ሊተዉት የሚገባውን መናገር ይሻላል። መሳቅ አንዱ ነው። ሁለተኛው እርሳሱን ከልጁ እጅ ነጥቆ «እንዲህ ነው የሚሣለው» ብሎ በልጁ ሥዕል ላይ መሣል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሥዕሉ የአባት ይሆናል፥ ልጁም እጁን ይሰበስባል። ያላዩትን «ጎሽ፥ በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍም ከስድብ እምብዛም አይሻልም፤ ልጅ የታየለትንና ያልታየለትን ለይቶ ያውቃል። ከወንድሙ ሥዕል ጋራ ማወዳደርም እንዲሁ ነው። በዚህ ፈንታ ከአጠገቡ ተቀምጦ «እስቲ ስለዚህ ሥዕል ንገረኝ» ማለት ይበቃል። ልጁ ያን ጊዜ ተረቱን ይጀምራል፤ ይህች ላም ጠፍታ ነበር፥ ይህ እኔ ነኝ፥ ይህ ጅብ ነው ይላል። ሰምቶ ሲጨርስ አባትየው ያየውን እውነት ብቻ ቢናገር፥ «የላሚቱን ቀንድ ወደ ውስጥ የታጠፈ አድርገህ ሣልኸው፤ የቤታችን ላም ቀንድዋ እንዲሁ ነው» ቢለው፥ ይህ ቃል ከመቶ ምስጋና ይበልጣል።

በየዓመቱ የሚሆን አንድ ነገር ለዚህ ምስክር ይሆናል። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ለእንቍጣጣሽ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው «አበባዮሽ» ሲሉ፥ ወንዶች ልጆች ደግሞ የሣሉትን ሥዕል ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። በሥዕሉ ላይ አበባና ፀሐይ፥ መልአክ፥ አንዳንድ ጊዜም ባንዲራ ይታያል። ባለቤቱ ሥዕሉን ተቀብሎ ሳንቲም ይሰጣል። እንዲህ ያለ ባህል፥ ሕፃን ሁሉ የእጁን ሥራ ይዞ ወደ ጎረቤት ደጅ የሚመጣበት ቀን፥ ብዙ አገር የሚመኘው ነው። ነገር ግን ከጥቂት ዘመን ወዲህ የታተመውን አበባ ቀለም ቀብቶ ብቻ ማምጣት፥ ይልቁንም ሌላ ሰው የሣለውን በማባዣ መኪና አባዝቶ ማደል በዝቷል። ልጆቹን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። ባለቤቱ ሥዕሉን ሳያይ ሳንቲሙን ከሰጠ፥ ዘወር ሲሉም ወረቀቱን ከጣለው፥ ልጁ አንዱን ሥዕል ለመሣል ግማሽ ቀን ስለምን ይደክማል?

የቅኔ ሰው በዚህ ነገር ዳኛ ሊሆን ይገባዋል። በጉባኤ መካከል የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የተናገረ ተማሪ እንዴት እንደሚያፍር፥ ጎደሎም ቢሆን የራሱን የቈጠረው ግን እንዴት እንደሚበረታታ ያውቃልና። አንድ ጊዜ የተነገረ ቅኔ ለሌላ ቀን አይደገምም፤ ለእያንዳንዱ ቀን አዲስ ይፈለጋል። ይህን ያህል ለአዲስ አሳብ ክብር የሚሰጥ ሕዝብ ልጁ ከሌላ የገለበጠውን ሥዕል ተቀብሎ የራሱን ግን የሚስቅበት ከሆነ ነገሩ ያስገርማል።

ወደ ትምህርት ቤት የተመለከትን እንደ ሆነ፥ በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት ሥዕል ከሙዚቃና ከስፖርት ጋራ ተጣምሮ «ሥነ ውበትና ሰውነት ማጎልመሻ» በሚል ስም ለታችኞቹ ክፍሎች ይሰጥ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ደግሞ «የክወናና የእይታ ጥበባት» ተብሎ ራሱን ችሏል። ይህ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በመጽሐፍ የተጻፈው ሰዓት ሁሉ በክፍል ውስጥ አይገኝም። ፈተና ሲቃረብ የሥዕል ሰዓት ለሒሳብ ወይም ለእንግሊዝኛ ሲሰጥ ማንም እንደ በደል አይቈጥረውም፤ ለትምህርቱም ሌላ የሚያስተምረው የጎደለው መምህር ይመደብለታል። መምህሩ ሥዕል አልተማረም፤ ስለዚህ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ማሰሮ ይሥልና 60 ልጅ ያንኑ ማሰሮ እንዲገለብጥ ያዝዛል። ከማሰሮዎቹ ይልቅ የሚያሳዝነው ከቤት ለራሱ ፈረሰኛ ይሥል የነበረው ልጅ ዜሮ ማግኘቱ ነው። የወረዳ ትምህርት ሹም ትምህርት ቤት ሲጐበኝ መዝገቡንና ወንበሩን ቈጥሮ ከመመለስ ጋራ የልጆችን የሥዕል ደብተር አስገልጦ ቢያይና ሁሉም ማሰሮ ሆኖ ቢያገኘው ምክንያቱን ቢጠይቅ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ይለወጣል። ይህ በጀት አይጠይቅም።

ስለ ወረቀትና ስለ ቀለም መወደድ የሚያማርር ቢኖር ቅሬታው እውነት ነው። ነገር ግን አባቶች ብራና ዳምጠው፥ ቀለም በጥብጠው፥ መቃ ቀርፀው መጽሐፍ ሲጽፉ ቀለሙን ከሱቅ አልገዙትም። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይወጣ ነበር። ከሰል በየምድጃው አለ፤ ቀይ አፈርና ነጭ አፈር በጎጃም ምድር ሞልቷል፤ ቅጠል ቢጨመቅ አረንጓዴ ይሰጣል። በገዳማትና በአድባራት ቀለም መበጥበጥና ሐረግ መሣል የሚያውቅ ካህን ባለበት ስፍራ፥ እርሱን በዓመት አንድና ሁለት ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ጠርቶ ልጆቹ እያዩ እንዲበጠብጥ ማድረግ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። ለሴቶች ልጆችም እናቶቻቸው መምህራን ናቸው። በስንደዶና በአክርማ መሶብና ሰፌድ የምትሰፋ እናት፥ ቀለም የገባውን አክርማ ከየት ወስዳ የት እንደምታዞረው፥ በዙሩ ስንት ጊዜ እንደምትቈጥረው ብትጠየቅ፥ ከእርስዋ የሚገኘው የመለካትና የቀለም ትምህርት ቀላል አይደለም። ይህን «የሴት ሥራ» ብሎ ከጥበብ ቍጥር የሚያወጣ ሰው መሶቡን ገልብጦ አላየውም።

ሥዕል እንጀራ አይሆንም የሚሉም አሉ። ልጅ ሁሉ ሠዓሊ ይሁን የሚል የለም፤ ልጅ ሁሉ ቅኔ ቢማርም መሪጌታ አይሆንምና። ነገር ግን ከልጅነቱ ታላላቆች ያዩለት ሰው ወዴት እንደሚደርስ ምስክር አለ። አቶ አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ወገን ተወልደው፥ በአሜሪካ በቺካጎ ተምረው፥ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሐረር በልጅነቱ ከአባቱ ከአለቃ ደስታ አጠገብ ሆኖ በብራና ላይ ሲሣል እያየ አደገ። የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ ገና በ15 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ በዚያ ያሉት መምህራኑ ግን የእጁን ተሰጥኦ አይተው ወደ ሥዕል እንዲያዘነብል አበረቱት። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው ታላቁ የመስተዋት ሥዕል የእርሱ ሥራ ነው። ከምሕንድስናው የቀረውን ትርፍና ኪሳራ የሚያሰላ ያስላው።

ከካህናት ወገን ደግሞ፥ ሥዕል የተቀደሰ ነገር ነውና ለልጅ መጫወቻ መሆን የለበትም የሚል ቢገኝ ፍርሃቱ የሚነቀፍ አይደለም። ቅዱስ ሥዕል ሥርዓት አለው፤ ያለ ትምህርትና ያለ ፈቃድ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የሚሥል የለም፥ ሊኖርም አይገባም። ልጁ ግን በሬውንና እናቱን ሥሏል እንጂ ታቦት አልቀረጸም። በኦሪት ዘጸአት የተጻፈውን የባስልኤልን ነገር የሚያነብ ካህን፥ በወርቅና በብር፥ በናስና በዕንጨት የመሥራት ብልሃት ከእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሰጠው ያውቃል። ያ ብልሃት በባስልኤል እጅ ላይ ድንኳኑ በተሠራ ቀን ብቻ የመጣ አይመስልም።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት በጎጃምም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፥ ብዙ ልጆችንም ከትምህርት ገበታ አርቋል። ይህ ነገር በሥዕል አይጠገንም። ነገር ግን የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ በከሰል ጠመንጃና የሚቃጠል ቤት የሣለ እንደ ሆነ፥ «ክፉ ነገር አትጥራ» ብሎ መደለዝና መግረፍ ሕመሙን ወደ ውስጥ መመለስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች አይሁድን ሰብስበው ባሰሩበት በቴሬዚን፥ ፍሪድል ዲከር የተባለች ሠዓሊት በልዩ ልዩ ቊራጭ ወረቀት ላይ የታሰሩትን ሕፃናት ሥዕል ታስተምር ነበር። በ1944 በፈረንጅ አቈጣጠር ወደ አውሽዊትዝ ተወስዳ ከመገደልዋ በፊት የልጆቹን ሥዕል በሁለት ሻንጣ ደብቃ ተወችው፤ 4500 ያህል ሥዕልም እስከ ዛሬ በፕራግ ይገኛል። ከሣሉት ልጆች የሚበዙት አልተረፉም። ሠዓሊቱ ልጆቹን ጦርነቱን ሣሉ ብላ አላስገደደቻቸውም፤ አበባም የሣለ፥ ቤቱንም የሣለ፥ ወኅኒውንም የሣለ ነበረ፤ የእያንዳንዱንም ስም በወረቀቱ ላይ እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ልጆች በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም በዘመድ ቤት በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ ከሰልና አንድ ሰሌዳ የሚያቀርብላቸው፥ የሚሉትንም ሳይቈጣ የሚሰማ ዲያቆን ወይም መምህር ከተገኘ፥ ከሚደረግላቸው ነገር ትንሹ አይደለም።

የቀረው በየቤቱ የሚሠራ ነው። ልጅ የሣለውን ሁሉ ማስቀመጥ አይቻልም፥ አያስፈልግምም። በየጊዜው አንዱን መርጦ ከጀርባው ስሙንና ቀኑን ጽፎ በሣጥን ማኖር ግን ለማንም አይከብድም፤ ከዓመታት በኋላ ልጁ ራሱ ከክቡ ወደ ፈረሰኛው እንዴት እንደ ደረሰ ያይበታል። ስለ ግድግዳው ጉዳይ ደግሞ፥ የአማኑኤል ገበሬ የጭቃ ቤት ለበዓል ይለቀለቃል። ከበሩ በስተ ግራ ወይም ከእልፍኙ ጓሮ፥ የሕፃን እጅ እስከሚደርስበት ከፍታ ድረስ ያለውን ግድግዳ እስከሚቀጥለው ልቅለቃ ለልጁ መተው ይቻላል፤ የተከለከለውን ግድግዳና የተፈቀደውንም ለይቶ እንዲያውቅ ያደርገዋል። የልቅለቃው ቀን በደረሰ ጊዜ እናቲቱ ጭቃውን ከማንሣትዋ በፊት ልጁን ጠርታ፥ ከታች ጀምሮ እስከ ላይ አንድ በአንድ ምን ምን እንደ ሆነ እንዲነግራት ታድርግ።